ማንኪያ ልጥረብ ብዬ የያዝኳቸው ቢላዎች፦ የሳጥኑ፣ የስዊድኑና የሐረሩ

ነገሩን ከኪሳራው ልጀምር። የእንጨት ማማሰያ የሚፈልግ ሰው እዚህ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ መውረድ ይበቃዋል። ዋጋውም የሚያከራክር አይደለም። እኔ ግን የራሴን ማማሰያና ማንኪያ ለመሥራት እስካሁን 5,000 ብር አካባቢ አውጥቻለሁ። የአውራ ጣቴን ፕላስተር ሳልቆጥር። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ እዚሁ ጋ ብንለያይ አልቀየምም።

ሳቢያን ነው የምኖረው። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንድ ችግር ገጠመኝ። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ፀሐዩ ከቤት አያስወጣም። ጓደኞቼ በርጫ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ጫት ካቆምኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ጫት የማይቅም ሰው በርጫ ላይ ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ስልክ ይነካካል፤ ባትሪው ያልቃል፤ ከዚያ ደግሞ ቻርጀር ፍለጋ ይነሳል። አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ሽማግሌ ከእርጥብ ግንድ ላይ ማንኪያ ሲያወጣ አየሁ። መጥረቢያ፣ ቢላ፣ ቆልማማ ቢላ፣ በቃ። ማሽን የለ፣ ጩኸት የለ። እጄ ሥራ አገኘ አልኩ።

መጀመሪያ የገዛሁት የጀማሪ ስብስብ የሚባለውን ነው። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ሰውየውን አሁንም መንገድ ላይ አገኘዋለሁ። 3,800 ብር ከፈልኩ። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ነው። ስትፈቱት ቀጥ ያለ ቢላ፣ ጫፉ የሾለ ትንሽ ቢላ፣ ቆልማማ ቢላ፣ ቆዳ የተለጠፈበት ጣውላ፣ አረንጓዴ የማለስለሻ ጠመኔና አንድ ጥንድ ጓንት ታገኛላችሁ። እጀታዎቹ ያብረቀርቃሉ። ባለቤቴ ስታየው «ይሄ ለስጦታ ነው ለሥራ?» አለች። ያኔ ነበር መስማት የነበረብኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር፤ ግማሹም የኔ ነበር። ከቤት ዕቃ ሠሪዎች የዋንዛ ቁርጥራጭ ለምኜ አመጣሁ። የደረቀ ነው። ዋንዛ ለስላሳ ነው ቢባልም ደርቆ ለወራት የተቀመጠ እንጨት በትንሽ ቢላ አይገፋም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፋቅኩት፤ ፍቅፋቂው እንደ ዱቄት ይረግፋል እንጂ አይጠቀለልም። ማንኪያ የሚጠረበው ከእርጥብ እንጨት መሆኑን የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ የያዘ እንጨት ቢላው ሥር እንደ አይብ ይቆረጣል። ፍቅፋቂው ረጅምና ጥቅልል ሆኖ ከወጣ እንጨቱም ቢላውም ልክ ናቸው ማለት ነው።

ስለዚህ እርጥብ ፍለጋ ወጣሁ። ድሬ ላይ በቅርብ ያለው ኒም ነው፤ መንገዱ ሁሉ ላይ የሚያጠላው እሱ ነው። ጎረቤት ቅርንጫፍ ሲያስቆርጥ አንድ ጉማጅ ወሰድኩ። እዚህ ላይ የሳጥኑ ቢላ ራሱን ገለጠ። ሃያ ደቂቃ ከሠራሁ በኋላ ስለቱን በጥፍሬ ስነካው ተጣጥፏል። ልክ እንደ ቆርቆሮ ጠርዝ አንድ ጎን ላይ ተኝቷል። በቆዳው ላይ አሸሁት፤ ተመለሰ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ተኛ። ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ቆልማማው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ስለቱ ወፍራም፣ ጉብጠቱ ጠባብ። እንጨቱን አይቆርጥም፤ ይቧጥጣል። በሦስተኛው ቀን ጫፉ ተሰበረ። አንዱ ቢላ ሲለሰልስ ሌላው ተሰባሪ መሆኑ ከአንድ ሳጥን ሁለት ዓይነት ስህተት ነው።

በሁለተኛው ወር የቀጥተኛው ቢላ እጀታ ወለቀ። በሙጫ ብቻ ነበር የተያዘው። የድሬ ሙቀት እንጨቱን ሲያደርቀው ሙጫው ለቀቀ። ወደ ሱቁ ሄድኩ። «ተሸጦ አልቋል» አለኝ። እኔ እኮ ሌላ ልግዛ አላልኩም። «አቦ ቲቸር፣ ለማንኪያ ነው ይሄን ሁሉ የምትጨቃጨቀው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፍርድ ልስጥ ከተባለ ከሳጥኑ ውስጥ ዛሬም የምጠቀመው ሦስት ነገር ነው፦ ቆዳው፣ ጠመኔውና የግራ እጁ ጓንት። ጓንቱ በእውነት ጥሩ ነው። እንጨት የሚይዘውን እጅ ነው መሸፈን ያለባችሁ፤ ቢላው ሲያመልጥ የሚሄደው ወደዚያ ነው። የቀኙን ጓንት ግን አውልቁት፤ እጀታው ያንሸራትታል። 3,800 ብር ለአንድ ጓንትና ለቆዳ ቁራጭ! የድሮ ቀበቶ ጣውላ ላይ ቢቸነከር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሞክሬዋለሁ።

ሁለተኛው ቢላ አልተገዛም፤ መጣ። የአክስቴ ልጅ ስዊድን ነው የሚኖረው። ምን ላምጣልህ ሲለኝ ሞራ 106 አልኩት። «ጫማ አትልም እንደ ሰው?» አለ። ሞራ የከተማ ስም ነው። እዚያ ከ1891 ጀምሮ ቢላ ይሠራል። 106 የሚባለው ለእንጨት ቅርጽ የሚሆነው ነው፦ ስለቱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ እጀታው ቀለም ያልተቀባ እንጨት። ሲታይ ምንም አይደለም። የሽንኩርት ቢላ ነው ብላችሁ ኩሽና ውስጥ ልትጥሉት ትችላላችሁ። ባለቤቴም አንዴ ጥላው ነበር፤ ቲማቲም ቆርጣበት ጣቷን ሳይሰማት ነካት።

ልዩነቱ በመጀመሪያው ግፊት ነው የታወቀኝ። ኒሙ ላይ ሳስቀምጠው ድምፁ ራሱ ሌላ ነው። የሳጥኑ ቢላ ቅርር ይል ነበር፤ ይሄ ሽርር ይላል። የተቆረጠው ፊት ያበራል፤ ብርጭቆ ወረቀት የነካው ይመስላል። አንድ ማንኪያ ከጅማሬ እስከ ፍጻሜ ሠርቼ ቆዳው ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያሸሁት።

እንከን አለው። ጣት እንዳይንሸራተት የሚከለክል ነገር እጀታው ላይ የለም። ላብ ካላችሁ፣ ድሬ ላይ ደግሞ ማን ላብ የለውም፣ ተጠንቀቁ። ሌላው፣ የኔው የካርቦን ብረት ስለሆነ ይዝጋል። እርጥብ እንጨት ላይ ሠርታችሁ ሳትጠርጉት ምሳ በልታችሁ ብትመለሱ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ታገኙታላችሁ። እንጨቱም ላይ ሰማያዊ ጥላ ይቀራል። ተማሪዎቼን ይህን አሳይቻቸዋለሁ። እንጨት ውስጥ ታኒን አለ፤ ሻይ ውስጥ ያለው ዓይነት። ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። የድሮ የብራና ጥቁር ቀለምም አንዳንዱ በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነው። ለማንኪያው ጉዳት የለውም፤ ሰው ግን የቆሸሸ ይመስለዋል።

ሞራ የማይችለው ጎድጓዳውን ነው። ቀጥ ያለ ቢላ የማንኪያን ሆድ አይፈለፍልም። ቆልማማ ያስፈልጋል፤ የኔ ደግሞ ጫፉ ተሰብሯል። ከስዊድን እንደገና ማስመጣት አፈርኩ። ከዚያ ነው ሐረር የሄድኩት።

የአማቴ ቤት ሐረር ነው። ግቢዋ ውስጥ ዘይቱን አለ። ለአዲስ አበባ ሰዎች፦ እናንተ ዘይቱን ስትሉ የምታስቡትን አላውቅም፤ እኛ ጋ የሚበላው፣ ውስጡ ሮዝ የሆነው ፍሬ ነው። ዛፉ ጣሪያዋን እየነካ ስለነበር ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፍ አስቆረጠች። «እማማ፣ እንዳትጥይው» ብዬ ደወልኩ። «ለማገዶ ነው?» አለች። «ለማንኪያ» አልኩ። ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ደመወዝ ቀረ እንዴ?» አለችኝ።

ሸዋ በር አካባቢ ከጀጎል ቅጥር ውጪ ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች አሉ። አንዱ ጋ ሄድኩ። ስሙን እንዳልጽፍ ጠይቆኛል፤ «ሰው በስልክ እየደወለ ይነጅሰኛል» ብሎ። የተሰበረውን ቆልማማ አሳየሁት። ገለባበጠው። «አንተ፣ ይሄ ማጭድ ነው ቀለበት?» አለ። የማንኪያ ሆድ መፈልፈያ ነው አልኩ። ጣቱን በስለቱ ላይ አሳለፈና ሳቀ። የሳቀበት ምክንያት ገባኝ።

ከኋላው ካለው ክምር የአሮጌ አይሱዙ ባሊስትራ ቁራጭ አወጣ። የመኪና ባሊስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ ሸክም እየተሸከመ ዓመታት ሲተጣጠፍ የማይሰበረው ለዚህ ነው። ቆርጦ፣ አግሎ፣ ቀጥቅጦ አሳሳው። በቧንቧ ላይ አጎበጠው። እንደገና አግሎ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከረው፤ ጭሱ ሁላችንንም አባረረን። እዚያ ላይ ቢያቆም ብረቱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆን ነበር። እሱ ግን ጥቁሩን ፍቆ እንደገና በቀስታ አሞቀው፣ ብረቱ ላይ የገለባ ቢጫ ቀለም እስኪመጣ ጠበቀ። እኔ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን ነገር ሰውየው በዓይኑ ነው የሚለካው። ሙቀቱን በዲግሪ ብነግረው «እሺ ቲቸር» አለና ሥራውን ቀጠለ።

650 ብር። እጀታውን ራሴ ከዘይቱኑ ሠራሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ መደበቅ አልፈልግም። ስለቱን በሁለቱም ጎን ነበር የሳለው፤ እንደ ማጭድ። ቆልማማ ቢላ ግን ስለቱ በውጭ በኩል ብቻ ተስሎ ውስጡ ለስላሳ ሲሆን ነው እንጨቱን ተከትሎ የሚንሸራተተው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለስኩ። አልተቆጣም። «ቀድመህ አትናገርም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም አላወቅኩም ነበር። አስተካከለልኝ፤ ተጨማሪ አልጠየቀም። ቤት ወስጄ ብርጭቆ ወረቀት በመጥረጊያ እንጨት ላይ ጠቅልዬ አንድ ምሽት ሙሉ ሳልኩት። መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በልሙ። ከሱቅ የተገዛ ዕቃ የሚመስል ነገር የለውም። ጥቁር ነው፣ የመዶሻ ምት ይታይበታል። ይቆርጣል።

ስመለስ ደንገጎን ሳንወርድ በፊት ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተ። ሁለት ቢላ፣ አንድ ትንሽ መጥረቢያ፣ በፌስታል የተጠቀለለ እርጥብ ግንድ። «ምንድን ነው ሥራህ?» አለኝ። «አስተማሪ ነኝ።» «ምን ታስተምራለህ?» ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ያላለቀ ማንኪያ አውጥቼ ባሳየው ነው የተረፍኩት። ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ «ለኔም ሥራልኝ» አለች። እስከ ድሬ ድረስ ስለ ማማሰያ ስናወራ ወረድን። እሷ ማማሰያ ረጅም መሆን አለበት ባይ ናት፤ የወጡ እንፋሎት እጅ እንዳያቃጥል። ልክ ነች። ከዚያ በኋላ እጀታውን 35 ሴንቲ ሜትር ነው የማደርገው።

አሁን ስለ አሠራሩ ትንሽ፤ ቢላ ገዝታችሁ ወይም አሠርታችሁ ብቻ እንዳትቀሩ።

ጉማጁን መሃሉ ላይ ለሁለት ፍለጡት። በመጋዝ ሳይሆን በመጥረቢያ፤ እንጨቱ በራሱ መስመር እንዲሰነጠቅ። መሃሉ ላይ ያለውን ልብ አውጥታችሁ ጣሉት። ስንጥቅ የሚጀምረው ከሱ ነው። ከዚያ የማንኪያውን ቅርጽ በእርሳስ ሣሉና የሚበዛውን በመጥረቢያ አንሱ። ጀማሪ መጥረቢያ ፈርቶ ሁሉንም በቢላ ልጨርስ ይላል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ማንኪያ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መጥረቢያውን በአጭሩ፣ ከራሱ አጠገብ ያዙት፤ ሌላው እጃችሁ ሁልጊዜ ከሚመታው ቦታ በላይ ይሁን።

የቢላ አያያዝ ሁለቱን ብታውቁ ለጊዜው ይበቃችኋል። አንደኛው፣ እንጨት የያዘው እጅ አውራ ጣት የቢላውን ጀርባ ይገፋል። ቢላ የያዘው እጅ አይገፋም፤ ይመራል ብቻ። ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ቢላው አያመልጥም። ሁለተኛው ድንች እንደመላጥ ወደ ራስ መሳብ ነው፤ ግን አውራ ጣታችሁ ከስለቱ መንገድ በታች ይሁን። እኔን ያቆሰለኝ ይሄኛው ነው። አንድ ነገር ግን በጥብቅ፦ እንጨቱን ጭናችሁ መሃል አድርጋችሁ አትጥረቡ። የጭን ውስጠኛው ክፍል ላይ ትልቅ የደም ሥር አለ። ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፋችሁ እጃችሁን ወደፊት አውጡት።

የእንጨት መስመር የሚባለውን እንደ አጎዛ አስቡት። በአንድ በኩል ስትደባብሱት ይተኛል፤ በሌላው ይቆማል። ማንኪያ ላይ ሁልጊዜ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ፣ ከከፍታው ወደ ዝቅታው ነው የሚሄደው። አንገቱ ጋ ሲደርስ ችግር አለ፤ ሁለት ቁልቁለት ይገናኛሉ። ከዚህም ከዚያም መጥቶ መሃል ላይ መገናኘት ነው። በአንድ አቅጣጫ ልጨርሰው ያለ ሰው አንገቱን ገንጥሎ ይጥለዋል። ሦስት አንገት ገንጥያለሁ።

ሆዱን በቆልማማው ስትፈለፍሉ መስመሩን አቋርጡ፤ ከዳር ወደ መሃል። ጥልቀቱን በመለኪያ አትፈልጉት። አውራ ጣትን ከውስጥ፣ ሌባ ጣትን ከውጪ አድርጎ መዳሰስ ነው። ግድግዳው ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ሲቀረው አቁሙ። እኔ አንዱን እስከ ቀዳዳ ድረስ አድርሼዋለሁ። ልጄ አሁን ለወንፊት ትጠቀምበታለች።

አደራረቁ ላይ ድሬ ጠላት ናት። የመጀመሪያውን የዘይቱን ማንኪያ ጨርሼ በኩራት በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከአፉ እስከ መሃሉ ተሰንጥቆ ነበር። ውጪው ቶሎ ደርቆ ይሸበሸባል፤ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ስለዚህ ይቀደዳል። ከዚያው ግንድ የሠራሁትን ሌላ ማንኪያ አማቴ ሐረር መደርደሪያዋ ላይ ትታው ከአሥር ቀን በኋላ ደህና ሆኖ አገኘሁት። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ እንጨቱም አይቸኩልም። ድሬ ላይ ላላችሁ መላው ይሄ ነው፦ ማንኪያውን ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር የዳቦ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተቱት፣ አፉን እጠፉት፣ አልጋ ሥር አስገቡት። ሳምንት ቆዩ። ሥራውን በአንድ ቀን ካልጨረሳችሁ እርጥቡን በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ባለቤቴ ከሥጋው ጎን ግንድ አግኝታ ያለችውን እዚህ አልጽፍም።

እንጨቶቹን በተመለከተ፣ እስካሁን ከያዝኳቸው ዘይቱን ይበልጣል። ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። ኒም ለመለማመጃ ጥሩ ነው፤ በሱ የሠራሁት ማማሰያ ግን ሽሮውን መረር አደረገው፤ ወይም ኒም መሆኑን ስላወቅኩ መሰለኝ። ወይራ ገና እርጥብ ሳለ ካልደረሳችሁበት ተዉት፤ ደርቆ ድንጋይ ነው። ቁልቋልን አትንኩ፤ ነጭ ወተቱ ዓይን ያሳውራል። ማንጎም ቅርፊቱ ሥር ያለው ፈሳሽ ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ከአወዳይ ያረጀ የጫት ግንድ አመጣልኝ፤ ክንድ የሚያህል። ለቀልድ ነበር ያመጣው። ጠንካራና ቀጥ ያለ እንጨት ሆኖ አገኘሁት፤ ሁለት ማማሰያ ወጣው። በርጫው ላይ ሁሉም እየተቀባበለ አየው። «በዚህ የተማሰለ ወጥ ያመረቅናል» ተባለ። ጫት ትቶ የጫት ማንኪያ የሚጠርብ ሰው ብለው ስም አወጡልኝ። ፍቅፋቂው ምንጣፋቸው ውስጥ ስለገባ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የምጠርበው በር ላይ ተቀምጬ ነው።

ቅባቱ ላይ ሰው ይሳሳታል። የምግብ ዘይት ወይም ቅቤ የሚቀባ አለ፤ እነሱ አይደርቁም፤ ቆይተው ይከረፋሉ። የተልባ ዘይት ግን ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ራሱ ይጠጥራል። የኑግ ዘይትም ወደዚያ ይጠጋል፤ ቀስ ይላል እንጂ። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ የተረፈውን ጥረጉ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ተዉት። ቀለም መሸጫ ያለውን የተልባ ዘይት አትግዙ፤ ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ውህድ የሚጨመርበት አለ። የምግቡን ግዙ። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ተጠቅልሎ ከቆየ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ገመድ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግር ሁልጊዜ አንዱ ቤቱ ሄዶ መሞከር ይፈልጋል።

ወደ ቢላዎቹ ስመለስ፣ ዛሬ ከዜሮ ብጀምር እንዲህ ነበር የማደርገው። የሳጥኑን አልነካም። አንድ ሰው ከውጪ የሚመጣላችሁ ከሆነ ሞራ 106 አስልኩ። የሚመጣ ከሌለ ደግሞ አንድ ጥሩ የካርቦን ብረት የኩሽና ቢላ አሳጥሮ ማሳል ይቻላል፤ አንድ ተማሪዬ እንደዚያ አድርጎ ከኔ የተሻለ ማንኪያ ሠርቷል፤ ስለሱ ብዙ ማውራት አልፈልግም። ቆልማማውን ግን ሐረር አሠሩ። ስትሄዱ ቅርጹን ከካርቶን ቆርጣችሁ ውሰዱ፤ ጉብጠቱ የጀበና ስኒ ከንፈር ያህል ሰፋ ያለ ይሁን፤ ስለቱ በውጭ ብቻ እንደሚሳል ቀድማችሁ ተናገሩ። እንደኔ ሁለት ጊዜ እንዳትመላለሱ።

ግራኞች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ቆልማማ ቢላ አቅጣጫ አለው። የሳጥኑ ስብስብ የሚሠራው ለቀኝ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የሚል ነገር የለም። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ግራኝ ናት። የኔን ቢላ ይዛ ሁለት ቀን ታግላ «አባዬ፣ ይሄ ነገር ይጠላኛል» ብላ ወረወረችው። ባለፈው ቅዳሜ ለሰውየው የግራ አዘዝኩ። ለማን ነው አለኝ። ለልጄ፣ ግራኝ ናት አልኩ። መዶሻውን አስቀምጦ «ሐረር መጥተህ በግራኝ ታፍራለህ? ኢማም አሕመድ ራሳቸው ግራኝ አልነበሩም?» አለኝ። ዋጋውን 500 አደረገልኝ፤ ለሷ ሲል። የፊታችን ቅዳሜ ይደርሳል ብሏል። ባሊስትራው ካለቀ ግን አንድ ቁራጭ ይዘህ ና ስላለኝ አሁን ጋራዥ ለጋራዥ እየዞርኩ ነው።